የጅማ የዛፍ ሽፋን ስንት ነው? ከአየር ምስል ላይ በናሙና ነጥብ ስለመገመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ አረንጓዴ ናት ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። ከመሬቷ ከመቶ ስንቱ በዛፍ እንደተሸፈነ ሲጠየቅ ግን ቁጥር ይዞ የሚመልስ ጥቂት ነው። ይህ ገጽ ቁጥሩን ራሳችሁ እንድታወጡ ይረዳችኋል። የተጻፈው ለተማሪዎች፣ ለቀበሌና ለወረዳ ባለሙያዎች፣ ለቡና ማኅበራት፣ እንዲሁም «ሰፈራችን እየተራቆተ ነው» ብለው ለሚጨነቁ ነዋሪዎች ነው። የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ትዕግሥትና ሐቀኝነት ግን የግድ ነው።

ዘዴው በአጭሩ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የምትለኩትን ቦታ ወሰን ካርታ ላይ ታሰምራላችሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ወሰኑ ውስጥ ነጥቦችን በዕጣ ይበትናል። እናንተ እያንዳንዱን ነጥብ በአየር ወይም በሳተላይት ምስል ላይ ጠጋ ብላችሁ ታዩና አንድ ጥያቄ ትመልሳላችሁ፦ ነጥቡ ያረፈው ምን ላይ ነው? ዛፍ? ሣር? ቆርቆሮ ጣሪያ? አስፋልት? ውኃ? በመጨረሻ ዛፍ ላይ ያረፉትን ቆጥራችሁ ለጠቅላላው ታካፍላላችሁ። ከ500 ነጥብ 160ው ዛፍ ላይ ካረፈ ሽፋኑ 32 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለምሳሌ የተወሰደ እንጂ የጅማ ውጤት አይደለም። ከታችም ደጋግመን እንጠቀምበታለን።

ሽፋን ስንል ከላይ ሲታይ በዛፍ አናት የተጋረደውን መሬት ነው። የዛፍ ብዛት ሌላ ነገር ነው። አንድ ያረጀ ሾላ ብቻውን ብዙ ቀጫጭን ባህር ዛፎች የሚይዙትን ያህል መሬት ሊያለብስ ይችላል።

ጥቂት መቶ ነጥብ አንድን ሙሉ ከተማ እንዴት ሊወክል ይችላል?

አንድ አይሱዙ ሙሉ ቡና ሲገባ ከየጆንያው ትንሽ ትንሽ ይወሰዳል፣ ተደባልቆ ይመዘናል፣ ይቀመሳል። ሙሉው ጭነት ተቆልቶ አይጠጣም። ዋናው ነገር ናሙናው ከላይኛው ጆንያ ብቻ እንዳይወሰድ ነው። እዚህም ያው ነው።

ብዙ ሰው ለማመን የሚቸገርበት ነገር ቢኖር የናሙናው ትክክለኛነት ከቦታው ስፋት ጋር የማይያያዝ መሆኑ ነው። ለአንድ ቀበሌ 500 ነጥብ ብትበትኑም፣ ለጅማ ዞን በሙሉ 500 ነጥብ ብትበትኑም፣ የዛፉ ድርሻ ተመሳሳይ ከሆነ የስህተቱ መጠን አንድ ዓይነት ነው። የሚወስነው የነጥቡ ብዛትና የዕጣው ንጽሕና ነው። ስለዚህ «ቦታው ሰፊ ስለሆነ ዘዴው አይሠራም» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትደናገጡ።

ታዲያ ስንት ነጥብ ይበቃል?

በምን ያህል ስህተት መኖር እንደምትችሉ ነው የሚወስነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዛፉን ድርሻ በቀሪው ድርሻ አባዙት፣ ለነጥቦቹ ብዛት አካፍሉት፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። ይህ መደበኛ ስህተት ይባላል። በ1.96 ስታባዙት ደግሞ መዋዠቁን ታገኛላችሁ፤ እሱን ከውጤቱ ላይ ስትደምሩና ስትቀንሱ የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ክልል ይሰጣችኋል።

በምሳሌያችን 0.32 በ0.68 ሲባዛ 0.2176 ነው። ለ500 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወጣ 0.021 ገደማ ይሆናል። ማለትም 2.1 በመቶ። ክልሉ 32 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 4.1 ነው፤ ከ28 እስከ 36 በመቶ መካከል። ነጥቡ 100 ብቻ ቢሆን ኖሮ መዋዠቁ ወደ 9 በመቶ ይሰፋል። 1000 ቢሆን ወደ 2.9 ይጠባል። 2000 ቢሆን ወደ 2። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ነጥቡን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ለአንድ ከተማ ከ500 እስከ 1000 ያለው ልፋቱን የሚክስ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ወጥመድ አለ። ለመላው ከተማ 500 ነጥብ ያነበበ ሰው ውጤቱን በየቀበሌው መከፋፈል ያምረዋል። አንድ ቀበሌ 30 ነጥብ ብቻ ደርሶት ከሆነ 32 በመቶ የሚለው ቁጥር በእውነቱ ከ15 እስከ 49 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቁጥር ቀበሌን ከቀበሌ ማወዳደር ሰው ማሳሳት ነው። የየቀበሌው ውጤት ከተፈለገ ገና ከመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ቀበሌ በቂ ነጥብ መድቡ።

ዛፍ ላይ ያረፈ ነጥብ ጨርሶ ባይገኝስ?

«ዛፍ የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ለምሳሌ በቦዬ ረግረግ ላይ 100 ነጥብ በትናችሁ አንዱም ዛፍ ላይ ባያርፍ፣ ልትሉ የምትችሉት በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሽፋኑ ከ3 በመቶ አይበልጥም ነው። አቋራጩ ቀላል ነው፤ 3ን ለነጥቦቹ ብዛት ማካፈል።

በየትኛው ሶፍትዌር ልሥራ?

ለጀማሪ አይ-ትሪ ካኖፒ ይሻላል። የአሜሪካ የደን አገልግሎትና አጋሮቹ ያዘጋጁት ነጻ የኢንተርኔት መሣሪያ ነው። ወሰኑን ስትሰጡት ነጥቡን ራሱ ይበትናል፣ የጎግልን ምስል ያሳያል፣ ስህተቱንም እያሰላ ይሄዳል። ከሽፋኑ ጎን የካርቦንና የገንዘብ ጥቅም ቁጥሮች ሊያወጣም ይችላል። መሠረታቸው የአሜሪካ መረጃ ስለሆነ ለጅማ አትውሰዷቸው።

ወደኋላ ያሉ ዓመታትን ማየት የፈለገ ጎግል ኧርዝ ፕሮን ይጫን። እሱም ነጻ ነው፤ የቆዩ ምስሎችን በቀን እየመረጡ ማየት ያስችላል። ነጥቦቹን ራሱ መበተን የሚፈልግ ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር ይጠቀም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያዘጋጀው ኮሌክት ኧርዝም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው፤ ቅጹን ራሳችሁ ስለምታዘጋጁት ብዙ ሰው በጋራ ለሚሠራበት ጥናት ይመቻል።

ኢንተርኔት የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ምስሉ በደንብ ተጭኖ እስኪጠራ ጠብቁ። ደብዛዛ ምስል ላይ ቸኩሎ መፍረድ ሥራውን ያበላሻል።

የቀበሌውን ወሰን ምስሉ ላይ ሳስቀምጠው ተንሸራተተ። ለምን?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አዲንዳን የሚባለው የቆየ የካርታ መገኛ ሥርዓት ነው። በአገራችን የቆዩ የቶፖግራፊ ካርታዎችና በርካታ የመሥሪያ ቤት ፋይሎች የተዘጋጁት በአዲንዳን ነው። የጎግል ምስል ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱን ሳታስታርቁ ብትደርቧቸው ወሰኑ ከ200 ሜትር በላይ ይሳሳታል። ጅማ ላይ ይህ ማለት አንድ ሙሉ ሰፈር ከውስጥ ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው። ኪውጂአይኤስ ውስጥ የፋይሉን መነሻ አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ብላችሁ አስታውቁትና ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ቀይሩት። ከዚያ አንድ የምታውቁትን መስቀለኛ መንገድ ወይም ድልድይ አይታችሁ መግጠሙን አረጋግጡ። ነጥብ ከመበተን በፊት መሆኑ ነው።

ነጥቡ ቡና ላይ ቢያርፍ ምን ልበል?

ጅማ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ጥያቄ ይህ ነው። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ አይመልስላችሁም፤ ራሳችሁ መወሰን አለባችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ነጥቡ ከቡናው በላይ ባለው ጥላ ዛፍ አናት ላይ ካረፈ ጥያቄ የለውም፤ ዛፍ ነው። ሳሳ የሚባለው ዛፍ ከላይ ሲታይ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፣ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ። ዋንዛ ሰብሰብ ያለ ነው። ግራቪሊያ ጠባብ አናት አለው፤ ብዙ ጊዜም በመስመር ይታያል። ችግሩ ነጥቡ በጥላ ዛፎቹ መካከል ባለው ክፍተት፣ በቡናው ራሱ ላይ ሲያርፍ ነው። ቡና እንጨት ነው፤ ካልተገረዘ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። አንዱ አንባቢ ዛፍ ይለዋል፣ ሌላው ቁጥቋጦ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ምስል ላይ ተቀምጠው በጣም የተራራቀ ቁጥር ይዘው ይነሣሉ።

የእኔ ምክር ቡናን ለብቻው መዝግቡት ነው። «ጥላ ዛፍ»፣ «ክፍት ቡና»፣ «ሌላ ዛፍ» የሚሉ ሦስት መደቦች ይኑሯችሁ። በኋላ ማጠቃለል ስትፈልጉ ከቡና ጋር ይህን ያህል፣ ያለ ቡና ይህን ያህል ብላችሁ ሁለቱንም ታቀርባላችሁ። አንዴ ደባልቃችሁ ከመዘገባችሁት ግን መለየት አይቻልም፤ እንደገና ማንበብ ነው። ወደ ማና፣ ጎማና ጌራ ወረዳዎች ስትወጡ ደግሞ ይህ ልዩነት የውጤቱን መልክ ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል።

እንሰት፣ ሙዝና ጫትስ?

እንሰትና ሙዝ ዛፍ አይደሉም። ግንድ የሚመስለው የቅጠሉ እግር የተጠቀለለ ነው። ከላይ ሲታይ እንሰት ከቤት አጠገብ እንደ ኮከብ የተዘረጋ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ሙዝ አነስ ብሎ ተጠጋግቶ ይበቅላል። ማንጎና አቮካዶ ግን ዛፍ ናቸው። ጓሮ ውስጥ ከእንሰቱ ጎን ጠቆር ያለና ክብ ሆኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ ማንጎ ነው።

ጫት በመስመር የተተከለ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ሆኖ ይታያል። ለብቻው መዝግቡት።

ባህር ዛፍ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን እባካችሁ የራሱ መደብ ስጡት። ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዳርና ዳሩ በመስመር የተቆረጠ ስለሆነ ለመለየት አይከብድም። ለምን እንደምወተውት ወደታች ታያላችሁ።

ነጥቡ ልክ ዛፉ ጫፍ ላይ ነው። ትንሽ ባንቀሳቅሰውስ?

በፍጹም። ዕጣው የወደቀበት ቦታ ነው ቦታው። «እዚያ ጋ ዛፍ እንዳለ አውቃለሁ» ብሎ ነጥብ መግፋት፣ ወይም የማይመች ነጥብ መሰረዝ፣ ሥራውን በሙሉ ዋጋ ያሳጣዋል። በጣም ዙም አድርጉና የነጥቡ መሐል የትኛው ላይ እንዳለ ፍረዱ።

ጥላ ላይ ካረፈ የጥላውን ባለቤት ሳይሆን ከጥላው ሥር ያለውን መሬት ነው የምትመዘግቡት። ደመና ጋርዶት ወይም ምስሉ አልለይ ብሎ ከሆነ የሌላ ቀን ምስል ሞክሩ። እሱም ካልረዳ «አልተለየም» ብላችሁ ጻፉ። እነዚህ ነጥቦች ስንት እንደሆኑም በሪፖርቱ ላይ ይውጣ።

የየትኛው ወር ምስል ይሻላል?

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው። የጅማ ዝናብ ረጅም ወራት ስለሚይዝ በክረምት የተነሣ ምስል ብዙ ጊዜ ደመና ይበዛበታል። በበጋ ምስል ላይ ሣሩና ማሳው ስለሚደርቅ ዛፉ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ እንደ ቆርች ያሉ ዛፎች በበጋ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ቅርንጫፉ ብቻ ከታየም ዛፍ ነው።

ከዓመታት በፊት ከነበረው ጋር እንዴት ላወዳድር?

ያንኑ ነጥብ ሁለቴ አንብቡ። አዲስ ነጥብ አትበትኑ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ከ500 ነጥብ 160ው፣ በሁለተኛው 135ቱ ዛፍ ነበር እንበል። ሽፋኑ ከ32 ወደ 27 በመቶ ወረደ፤ 5 በመቶ ጠፋ። ሁለቱ ዓመታት የተነበቡት በተለያዩ ነጥቦች ከሆነ የዚህ ልዩነት መዋዠቅ 5.6 በመቶ ገደማ ነው። ከልዩነቱ ራሱ ይበልጣል! ማለትም ምንም አልተለወጠም ቢባልም መከራከር አትችሉም። በዚያው ነጥብ ላይ ሁለቴ ካነበባችሁ ግን የሚቆጠረው የተለወጠው ነጥብ ነው። 40 ነጥብ ዛፍ አጥቶ፣ 15 ነጥብ ዛፍ አግኝቶ ከሆነ መዋዠቁ ወደ 2.9 በመቶ ይወርዳል። አሁን መቀነሱ በእርግጥ ታይቷል። ልፋቱ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከዚያም በላይ፣ የጠፋውን ብቻ ሳይሆን በምን እንደተተካ ታውቃላችሁ። ከዛፍ ወደ ጣሪያ፣ ከዛፍ ወደ ጫት፣ ከማሳ ወደ ባህር ዛፍ። አጠቃላይ ሽፋኑ ንቅንቅ ሳይል ዋንዛውና ብሳናው ወጥቶ ባህር ዛፍ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ያልተመዘገበ ከሆነ ቁጥሩ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። ባህር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል። ልክ በተቆረጠበት ወር የተነሣ ምስል ደን የወደመ ያስመስላል።

የቆዩ ምስሎች ከአዲሶቹ ጋር ጥቂት ሜትሮች ላይገጥሙ እንደሚችሉም አትርሱ። ከነጥቡ አቅራቢያ ያልተለወጠ ነገር ፈልጉ፤ የጣሪያ ጥግ ወይም የመንገድ መታጠፊያ። ነጥቡ ከዚያ ጥግ በስንት ሜትር፣ በየት አቅጣጫ እንደሆነ አይታችሁ በአሮጌው ምስል ላይም ከዚያው ቦታ አንብቡ።

በጣም ወደኋላ መሄድ ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 የተነሡ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ፎቶዎች አሉ፤ ኮሮና ይባላሉ። ምስጢርነታቸው በ1995 ተነሥቷል። ጥቁርና ነጭ ናቸው። የተሻሉት ላይ ትልልቅ ዛፎች አንድ በአንድ ይለያሉ።

በአረንጓዴ አሻራ የተከልናቸው ችግኞች ይታያሉ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይታዩም። ስለዚህ ሽፋኑ አልጨመረም ብሎ ተከላው ከሽፏል ማለት አይቻልም፤ ጨመረ ብሎም ለችግኙ ምስጋና መስጠት አይቻልም። የጸደቀውን ችግኝ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

መሬት ላይ ወርጄ ማየት አለብኝ?

ሁሉንም ሳይሆን ጥቂቶቹን፣ እነሱንም በዕጣ መርጣችሁ። የስልክ ጂፒኤስ ገላጣ ቦታ ላይ በጥቂት ሜትር ይሳሳታል፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ይብሳል። ስለዚህ የምስሉን ህትመት ይዛችሁ ሂዱ።

ነጥቡ የሰው ግቢ ውስጥ ከሆነ ከቀበሌ ደብዳቤ ያዙ። ወረቀት ይዞ ዛፍ የሚቆጥር ሰው ሲመጣ «ግብር ሊጨምሩብን ነው» ወይም «መሬቱ ሊወሰድ ነው» ብሎ መስጋት ያለ ነው። ለምን እንደመጣችሁ አባወራውን ወይም እማወራዋን አስቀድማችሁ በደንብ አስረዱ። የዛፉን ስም በኦሮምኛም መዝግቡ። አባባ ዋዴሳ ያሉትን እናንተ ዋንዛ፣ ሙካ አርባ ያሉትን ሳሳ ብላችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ቅጹ ላይ ሁለቱም ካለ በኋላ ግራ አትጋቡም።

ከመስኩ ሥራ በፊት ደግሞ ሌላ ማጣሪያ አለ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ዓይነት 50 ነጥብ ያንብብ። በብዙው ካልተስማማችሁ ችግሩ ያለው መደቦቹ ላይ ነው። ተቀምጣችሁ ትርጉሙን በጽሑፍ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሌላ 50 ሞክሩ።

ከሳተላይት የተዘጋጀ ካርታ እያለ ለምን ልልፋ?

ካርታው «የት» ለሚለው ጥሩ ነው። «ስንት» ለሚለው ግን ነጥብ ይሻላል። የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንድ ፒክሰል (ምስሉ የተሠራበት ትንሹ ካሬ) መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ የሰንቲነል-2 ሳተላይት ደግሞ 10 በ10። ጅማ መርካቶ አካባቢ ከቆርቆሮ ጣሪያዎች መሐል የቆመች አንዲት አቮካዶ በ30 ሜትር ፒክሰል ውስጥ ትዋጣለች። ካርታው በስህተት ዛፍ ያለውና በስህተት ዛፍ አይደለም ያለው እኩል ካልሆኑ ደግሞ ፒክሰል ቆጥሮ የሚገኘው ስፋት ያዘነበለ ይሆናል። ጥሩ ካርታ ሠሪዎችም ሥራቸውን የሚፈትኑት በዚሁ በናሙና ነጥብ ነው።

ሽፋኑ ከታወቀ ቦታው ደን ነው ማለት ይቻላል?

በቀጥታ አይቻልም። በኢትዮጵያ አተረጓጎም ደን ለመባል ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 20 በመቶ የአናት ሽፋንና 2 ሜትር ቁመት ያስፈልጋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት 10 በመቶና 5 ሜትር ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና እንዳይገባ በደነገገው ሕግ የወሰደው ይህንኑ 10 በመቶና 5 ሜትር ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የዋለ መሬትን ግን ደን አይለውም። ቁመት ደግሞ ከላይ በተነሣ ምስል ብቻ አይለካም። የቡና ማኅበራት ይህን ለይታችሁ ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

ዘዴው የማይነግረኝ ነገር ምንድን ነው?

ከአናቱ በታች ያለውን። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በጅማ ዞን እንዳለው የበለጠ-ጌራ ደን ባለ ቦታ ለቡናው ተብሎ ሥሩ በየዓመቱ ሲመነጠር ከቡናው ጋር የሚወዳደረው ወጣት ዛፍ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ትልልቆቹ ዛፎች ስለቆሙ ከላይ ሲታይ ሽፋኑ ሙሉ ነው። ነጥቦቻችሁ «ምንም አልተነካም» ይላሉ። ትልልቆቹ ሲያረጁ ግን የሚተካቸው የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከነጥቡ ጋር መሬት ላይ የችግኝና የወጣት ዛፍ ቆጠራ ካልተጨመረ ሽፋኑን ብቻ ማውጣት ያዘናጋል።

የዛፍ ጤናንም፣ ዝርያንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም።

ውጤቱን እንዴት ልጻፍ?

እንዲህ፦ «በወሰኑ ውስጥ በዕጣ ከተበተኑ 500 ነጥቦች 160ው ዛፍ ላይ አርፈዋል፤ ሽፋኑ 32 በመቶ ሲሆን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ28 እስከ 36 በመቶ መካከል ነው።» «32.0 በመቶ» ብሎ ነጥብ ዜሮ መጨመር የሌለ ትክክለኛነት ማስመሰል ነው። ምስሉ የተነሣበትን ቀን፣ ቡናና ባህር ዛፍ የት እንደተመደቡ፣ ስንት ነጥብ እንዳልተለየ ጨምሩ። የነጥቦቹን መገኛ የያዘውን ፋይል አያይዙ፤ ያለሱ ከዓመታት በኋላ ማንም ያንኑ ነጥብ መልሶ ማንበብ አይችልም።